የአባቴ አራት መቶ ሸኬል

ይህን የምጽፈው አባቴን አስፈቅጄ ነው። «ጻፊው፤ ስሜን ግን ቀይሪልኝ» አለኝ። ስለዚህ እዚህ ስሙ ታረቀኝ ነው። ሌላው ሁሉ እንዳለ ነው። አማርኛዬ ቢሰናከል አንባቢ ይቅር ይበለኝ፤ ፊደል የቆጠርኩት ካደግሁ በኋላ ነው።

ያን ጊዜ ሃያ ስምንት ዓመቴ ነበር። የተወለድኩት እዚሁ እስራኤል፣ ያደግሁት ፔታሕ ቲክቫ፣ አሚሻቭ ሰፈር ነው። በሥራ ቦታ ሲጋል ይሉኛል፤ አባቴ ግን ስንዱ ይለኛል። አባቴ በአማርኛ ይናገራል፣ እኔ በዕብራይስጥ እመልሳለሁ፤ እንደዚያ ነበር የምንኖረው። የግዴታ ውትድርናዬን ጨርሼ፣ ተምሬ፣ በከተማው ኢንዱስትሪ ሰፈር በሚገኝ አንድ ኩባንያ ፕሮግራመር ሆኜ ነበር። ደመወዜ መጥፎ አልነበረም፤ ነገር ግን ወሩ ሲያልቅ የት እንደገባ አላውቅም። በዚያ ተበሳጭቼ ለራሴ አንድ ፕሮግራም ጻፍኩ።

ባንኮች በዚያን ዘመን ለግለሰብ ፕሮግራም በር አይከፍቱም ነበር። በሙያችን ኤ.ፒ.አይ የምንለው፣ አንድ ፕሮግራም ከሌላው ጋር በቀጥታ የሚነጋገርበት መንገድ፣ ለትልልቅ ድርጅቶች እንጂ ለእኔ ዓይነቷ አልነበረም። ስለዚህ የእኔ ፕሮግራም እኔን መስሎ ነበር የሚገባው። የባንኩን ድረ ገጽ ይከፍታል፣ ስሜንና የይለፍ ቃሌን ያስገባል፣ ወጪና ገቢዬን መስመር በመስመር ያነባል፤ ከዚያ ይህ የምግብ፣ ይህ የቤት ኪራይ፣ ይህ የአውቶቡስ ብሎ ሠንጠረዥ ላይ ይደረድረዋል። ምን እንደሆነ ያላወቀውን በቀይ ያሰምርበታል። በሦስት ወር ውስጥ ዕዳዬን ከፍዬ ጨረስኩ። ኩራቴ ወሰን አልነበረውም።

እናቴ ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብላ ሞታ ነበር። አባቴ በሰባ ሦስት ዓመቱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ብቻውን ይኖራል። እዚህ ከመጣ ጀምሮ ጡረታ እስኪወጣ የሠራው ዳቦ ፋብሪካ ነው፤ ስኳር በሽታ አለበት፣ ጠዋትና ማታ ኢንሱሊን ይወጋል። ከባንክ የሚመጣለት ደብዳቤ ሁሉ በዕብራይስጥ ስለሆነ አንድ ቀን የመግቢያ ስሙንና የይለፍ ቃሉን በብጣሽ ወረቀት ላይ ሰጠኝ።

«በየጊዜው ከማስቸግርሽ አንቺው እያየሽ ንገሪኝ» አለኝ።

ደብዳቤውን እንዳነብለት ነበር የጠየቀኝ። እኔ ግን ሒሳቡን በሙሉ ፕሮግራሜ ውስጥ ከተትኩት። በመጀመሪያው ሳምንት ለአንድ ኢንሹራንስ ሁለት ጊዜ ሲከፍል እንደኖረ አገኘሁ፤ ደውዬ አስቆምኩት። አባቴ ግንባሬን ሳመኝ። ከዚያ በኋላ ራሴን የቤቱ ሒሳብ ሹም አድርጌ ሾምኩ።

ቀዩ መስመር የመጣው ወደ ኋላ ሄጄ የቆየውን ስሰበስብ ነው። ወር በገባ በሃያ ስምንት፣ የጡረታ ገንዘቡ በሚገባበት ቀን፣ አባቴ ረሆቦት ከተማ ካለ የገንዘብ ማሽን አራት መቶ ሸኬል ያወጣል። አንድም ወር አልዘለለም። ረሆቦት እኛ የምናውቀው ዘመድ የለንም። ከፔታሕ ቲክቫ ሁለት አውቶቡስ ነው። አራት መቶ ሸኬል ደግሞ ለእሱ ብዙ ገንዘብ ነው።

ለወንድሜ ለዮሲ አሳየሁት። ዮሲ በአምስት ዓመት ይበልጠኛል፤ እዚያው አጠገባችን ጋኔይ ቲክቫ ከሚስቱ ጋር ይኖራል፣ የዕቃ መኪና ይነዳል። ገና አይቶ ሳይጨርስ ደሙ ፈላ።

«አንድ ሰው እየበላው ነው» አለ። «ሽማግሌ ብቻውን ሲኖር እንዲህ ነው የሚያደርጉት።»

ዓርብ ማታ አባቴ ቤት ተሰብስበን በላን። ሳህኑ ሲነሳ ኮምፒውተሬን ጠረጴዛው ላይ ከፈትኩና ቀዩን መስመር አሳየሁት።

«አባባ፣ ይህ ምንድን ነው?» አልኩት በዕብራይስጥ።

አባቴ መነጽሩን አድርጎ አየና መልሶ አወለቀው። «የኔ ነው» አለ።

«ያንተ መሆኑንማ አውቃለሁ። ለማን ነው የምትሰጠው?»

«የኔ ነው አልኩሽ።»

ዮሲ ተቆጣ። «ሰው እያታለለህ ከሆነ እኛ ማወቅ አለብን።»

አባቴ ድምፁን ከፍ አላደረገም። «ማሽናችሁ ይህን ካወቀ ቀሪውንም እሱ ይንገራችሁ» አለና ወደ መኝታ ቤቱ ገባ።

ቀጥሎ ያደረግሁትን ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ወስዶብኛል። ኮቱ በር ላይ ተሰቅሎ ነበር። ዮሲ «ካርዱን ውሰጅው፤ እስክናጣራ ድረስ» አለኝ። እኔም ከቦርሳው የባንክ ካርዱን አወጣሁና ኪሴ ውስጥ ከተትኩት። የአባቴን ኪስ ስነካ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነበር። ለእሱ ብዬ ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ፤ ለገንዘቡ ተቆርቁሬ እንጂ በክፋት አይደለም እያልኩ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

እሑድ ሃያ ስምንት ነበር። የኦገስት ሙቀት ከጠዋት ጀምሮ ያቃጥላል። በዚህ አገር ሰዓት ዘጠኝ ላይ፣ ሥራ ገበታዬ ላይ ሳለሁ፣ የአባቴ ክሊኒክ ነርስ ደወለች።

«አባትሽ ዛሬ ቀጠሮ ነበራቸው፤ አልመጡም። ስልክም አያነሱም። ቀርተው አያውቁም።»

እኔም ደወልኩ፤ ይጠራል፣ አይነሳም። ታክሲ ይዤ አሚሻቭ ደረስኩ። በመለዋወጫ ቁልፌ ከፍቼ ስገባ ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ የእኔን ሁለት የነርሷን ሦስት ጥሪ ይዞ። አጠገቡ የተቀቀለ እንቁላል፣ የተቆረጠ ዳቦ፣ አንድ ስኒ ሻይ። አንዱም አልተነካም። ሻዩ ቀዝቅዟል።

ወደ ማቀዝቀዣው ሄድኩ፤ ኢንሱሊኑ ቦታው ነው። ከዚያ የቆሻሻ መጣያውን ከፈትኩ። የዛሬው መርፌ ከላይ ተኝቷል።

ስኳር ያለበት ሰው በቤቱ ያለ አንባቢ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ኢንሱሊን ተወግቶ ያልበላ ሰው ስኳሩ ይወርዳል። መጀመሪያ ያልበዋል፣ ከዚያ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ከዚያ የት እንዳለ ይጠፋዋል፣ ከዚያ ይወድቃል። አባቴ ተወግቶ፣ ምግቡን አቅርቦ፣ ሳይበላ ወጥቷል።

ለነርሷ መልሼ ደወልኩ። «ስንት ሰዓት ተወጉ?» አለችኝ።

«ሰባት ላይ ነው ሁልጊዜ።»

«ቶሎ አግኙአቸው» አለችኝ።

ለዮሲ ደወልኩ፤ እሱም መጥፋቱን በስልክ ለፖሊስ አስመዘገበና መኪናውን ይዞ ወደ እኔ ተነሳ። እኔ ያልተነካው ቁርስ አጠገብ ኮምፒውተሬን ከፈትኩ። ካርዱ እኔ ጋ ስለሆነ ከማሽን ማውጣት አይችልም፤ ገንዘብ ከፈለገ ባንክ ቤት ሄዶ በመታወቂያው ከመስኮት መውሰድ አለበት። ፕሮግራሙን አስነሳሁት። ዓርብ ያልነበረ አዲስ መስመር መጣ። ከመስኮት የወጣ፣ አራት መቶ ሸኬል፣ ዛሬ።

በሕይወት አለ፤ ቢያንስ ባንኩ ሲከፈት ነበረ። ግን በየትኛው ቅርንጫፍ? እዚሁ ከሆነ ገና በመንገድ ላይ ነው፤ ረሆቦት ከሆነ ደርሷል። ድረ ገጹ የቅርንጫፉን ቁጥር ያሳያል፤ ፕሮግራሜ ግን አያመጣውም። ስጽፈው ለድምር አይጠቅምም ብዬ ጥዬው ነበር። ገጹን ራሴ ከፍቼ በዓይኔ ማየት እችል ነበር፤ በጭንቀት ውስጥ ያ ሐሳብ አልመጣልኝም። እጄ የለመደው ኮድ ነው፤ ኮዱን ከፍቼ ማረም ጀመርኩ። አንድ መስመር ጨመርኩ፤ አስነሳሁት፤ ስህተት። አረምኩ፤ አስነሳሁት፤ ባዶ። እንደገና። እንደገና። ፕሮግራሙ በተነሳ ቁጥር በአባቴ ስም ወደ ባንኩ ይገባል። በስድስተኛው ላይ ያልጠበቅሁት ጽሑፍ መጣ። አጠራጣሪ እንቅስቃሴ ስለታየ ሒሳቡ ተቆልፏል፣ ባንክዎን ያነጋግሩ ይላል።

በገዛ እጄ ዓይኔን አጠፋሁ።

ወደ ባንኩ ደወልኩ። ብዙ ጠበቅሁ። ሊያት የምትባል ሴት አነሳች።

«የሒሳቡ ባለቤት ነሽ?»

«ልጃቸው ነኝ።»

«እሳቸውን አቅርቢልኝ።»

«እሳቸውን ነው የምፈልገው። ጠፍተዋል። ኢንሱሊን ተወግተው ሳይበሉ ወጥተዋል። ዛሬ ጠዋት ገንዘብ አውጥተዋል፤ ከየትኛው ቅርንጫፍ እንደሆነ ብቻ ንገሪኝ።»

«እንዲህ ያለ ነገር በስልክ መናገር አልችልም። ደግሞ ሒሳቡ አሁን የተቆለፈው ሰው ሰብሮ ሊገባበት ስለሞከረ ነው ይላል።»

«የሞከርኩት እኔ ነኝ» አልኳት።

ስልኩን የምትዘጋው መሰለኝ። ያለኝን ሁሉ ነገርኳት፤ ፕሮግራሙን፣ ካርዱን ከኪሱ ማውጣቴን፣ ቁርሱን። ስናገር ለመጀመሪያ ጊዜ ነገሩ ገባኝ። ካርዱ ቢኖረው ኖሮ እንደ ወትሮው በልቶ፣ ተረጋግቶ ይሄድ ነበር። ያልበላው ባንኩ ሲከፈት መስኮቱ ላይ ለመድረስ ቸኩሎ ነው።

ሊያት ቀስ ብላ፣ «ስለ ሒሳቡ ምንም አልነግርሽም» አለች። «አባትሽ ምን ለብሰው እንደሚወጡ ንገሪኝ፤ ወደ ቅርንጫፎቹ ደውዬ የታመመ ሽማግሌ አይተው እንደሆነ ዘበኞቹን እጠይቃለሁ። ይህን ለማንም ሰው አደርጋለሁ። ቁጥርሽን ስጭኝ።»

ግራጫ ኮት፣ ቡናማ ባርኔጣ፣ ከዘራ አልኳት።

እስክትደውል መጠበቅ አልቻልኩም። ባንኩ ቢቆለፍም የቀድሞው ሠንጠረዥ ኮምፒውተሬ ውስጥ አለ፤ ወደ ሁለት ዓመት የሚጠጋ። በየወሩ ሃያ ስምንት ላይ የሆነውን ሁሉ ለይቼ አወጣሁ። ከአራት መቶው ቀጥሎ ሁልጊዜ አንድ ሌላ ክፍያ አለ፤ መድኃኒት ቤት። ፕሮግራሜ «ጤና» ብሎ አረንጓዴ ሰጥቶት ስለነበር አይቼው አላውቅም፤ የራሱ መድኃኒት መስሎኝ ነበር። የአባቴ መድኃኒት ቤት ግን እዚሁ አሚሻቭ ነው። ይኼኛው ረሆቦት ነበር። ስልኩን ፈልጌ ደወልኩ።

«ባርኔጣ የሚያደርጉት ሽማግሌ?» አለ መድኃኒተኛው። «አውቃቸዋለሁ። በየወሩ ለአንዲት ሴት መድኃኒት ይወስዳሉ። ዛሬ ገና አልመጡም።»

ኢንሱሊን ተወግቶ ሳይበላ መውጣቱን ነገርኩት። «መድኃኒቱ ለማን ነው?»

«እሱን አልነግርሽም። መንገዱን ተሻግረው ፊት ለፊት ወዳሉት ሕንጻዎች ነው የሚገቡት። ብቅ ካሉ አስቀምጬ ጭማቂ አጠጣቸዋለሁ፤ አታስቢ።»

ስልኩን ስዘጋ ሊያት ደወለች። የፔታሕ ቲክቫው ዘበኛ አይቶታል። በሩ ሲከፈት የመጀመሪያው ሰው እሱ ነበር። ሲወጣ ውሃ ለመነና በጣም አልቦት ስለነበር ዘበኛው ተቀመጥ ቢለው «አውቶቡስ ያመልጠኛል» ብሎ ሄደ።

ዮሲ ደረሰ። ወደ ረሆቦት የሚወስደው መንገድ ተጨናንቋል። ግማሽ መንገድ ላይ ዮሲ ወደ እኔ ዞረ።

«ካርዱን ለምን ወሰድሽው?» አለኝ።

«አንተ ነህ ውሰጅው ያልከኝ።»

«አንቺም እሺ ብለሽ ወሰድሽው።»

በዓይነ ኅሊናዬ አባቴ አውቶቡስ ውስጥ አንገቱን ደፍቶ አየዋለሁ፤ ሰው ሁሉ ያንቀላፋ መስሎት አልፎት ሲወርድ፣ አውቶቡሱ ከእነ እሱ እስከ መጨረሻው ጣቢያ ሲሄድ።

መድኃኒት ቤቱ ያለበት መንገድ ስንደርስ አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ነበር። መድኃኒተኛው በሩ ላይ ቆሞ ራሱን ነቀነቀ፤ አልመጡም ማለቱ ነው። ዮሲ መኪናውን ቀስ እያደረገ በመንገዱ ላይ ነዳ። በሚቀጥለው የአውቶቡስ ማቆሚያ ላይ ከዘራውን አየሁ። መሬት ወድቋል።

አባቴ አግዳሚው ላይ ነበር። ነጠላ የለበሰች፣ ቀጭን አሮጊት ሴት ትከሻውን በክንዷ ደግፋ ይዛዋለች። በሌላው እጇ ስኳር የተበጠበጠበት ብርጭቆ ከንፈሩ ላይ አድርጋ ጠብ ጠብ ታደርግለታለች። ልብሱ በላብ ርሷል። ዓይኑ ተከፍቷል፤ ግን አያየኝም።

«ዋጠው፣ ታረቀኝ። ቀስ ብለህ። እንደገና» ትለዋለች።

«አባባ» አልኩ። አልመለሰልኝም። ሴትዮዋ ቀና ብላ አየችኝና «ስንዱ ነሽ» አለችኝ። አልጠየቀችኝም። «አምቡላንስ ተጠርቷል። መንገደኛ ደወለልኝ። አንቺ እግሩን ወደ ላይ ያዥው።»

አምቡላንሱ መጣ። የሕክምና ሠራተኛው ጣቱን ወግቶ ስኳሩን ለካ፤ ሠላሳ ስምንት፣ እጅግ የወረደ ነው አለ። ከብርጭቆው የዋጠው ባይኖር ኖሮ ከዚህም ይወርድ እንደነበር ነገረን። ክንዱ ላይ ግሉኮስ ተከሉለት። ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ አባቴ ዙሪያውን ተመለከተ፤ መጀመሪያ ሴትዮዋን፣ ቀጥሎ እኔን፣ ቀጥሎ ዮሲን።

«ሁላችሁም መጣችሁ?» አለ።

በሆስፒታሉ ኮሪደር ከሴትዮዋ ጋር ተቀመጥን። እማማ ጥሩነሽ ይባላሉ። እንዴት እንዳገኙት ጠየቅኋቸው።

«አሥር ሰዓት ላይ ይመጣል። አሥር ተኩል ሲሆን ወረድኩ። እኔም ስኳር አለብኝ፤ ማቆሚያውን ስቶ አንድ ቀደም ብሎ ወርዶ ሲደናበር ባየው ጊዜ ገባኝ። ስኳርና ውሃ ከሱቅ ለመንኩ» አሉ።

«እርስዎ ለአባቴ ምኑ ነዎት?» አለ ዮሲ በተሰባበረ አማርኛው።

እማማ ጥሩነሽ ትኩር ብለው አዩት፤ እንዲህ ሲያዩት እኔ አፈርኩ። «አባትህ ይንገርህ» አሉት።

አባቴ ከሰዓት በኋላ በልቶ፣ ፊቱ መለስ ሲል ነገረን። እማማ ጥሩነሽ በር ላይ ቆመው ነበር።

«ጥሩነሽ ከእናታችሁ በፊት ሚስቴ ነበረች» አለ። «ሁለት ልጅ ወልደን ሁለቱንም ቀበርን። ከዚያ አልሆነልንም፤ ሽማግሌ ገብቶ በሰላም ተለያየን። እናታችሁን አገባሁ። ወደዚህ አገር ለመምጣት በእግር ወደ ሱዳን ስንወጣ መንደሩ በሙሉ ነው የወጣው፤ እሷም ወጣች። እናታችሁ በመንገድ ወባ ያዛት፤ እኔ እሷን ደግፌ ነው የምሄደው። አንተ ዓመት አልሞላህም ነበር» አለና ዮሲን አየው። «ጥሩነሽ ናት ያዘለችህ። እስክንደርስ ድረስ ከጀርባዋ አልወረድክም። የድርሻዋን ውሃ ላንተ ነበር የምትሰጥህ።»

ዮሲ ግድግዳውን ተደገፈ።

«እዚህ ከመጣን በኋላ እናታችሁ በየወሩ ትጠይቃት ነበር» አለ አባቴ። «ልጅ የላትም፤ ጡረታዋ ለመድኃኒቷ አይበቃም። እናታችሁ ስትሞት፣ 'ጥሩነሽን አደራ' አለችኝ።»

ሠንጠረዤ ላይ ገንዘቡ መውጣት የጀመረው እናቴ በሞተች በሚቀጥለው ወር ነበር። ቀኑን አይቼው ነበር፤ ትርጉሙን ግን አላየሁትም።

«ለምን አልነገርከንም?» አልኩት።

የመለሱልኝ እማማ ጥሩነሽ ናቸው። «እኔ ነኝ እንዳይነግር ያልኩት። ልጆቹ ሲያዩኝ የሚረዷት ደሃ ብለው እንዲያዩኝ አልፈለግሁም።»

ዮሲ ወደ እሳቸው ሄደ። ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ። ወንድሜ ይህን ሲያደርግ አይቼው አላውቅም። እማማ ጥሩነሽ ራሱን በእጃቸው ያዙና፣ «አሁንስ ልሸከምህ አልችልም» አሉት። አባቴ ሳቀ፤ ዮሲ ግን ጎንበስ እንዳለ ቆየ።

እኔ ካርዱን ከኪሴ አውጥቼ አልጋው ላይ፣ እጁ አጠገብ አስቀመጥኩት። «አባባ፣ ይቅርታ። ካንተ ኪስ መውሰድ አልነበረብኝም» አልኩት፤ በአማርኛ፣ ቃሉን እየፈለግሁ። አባቴ ካርዱን አላነሳውም። እጄን ያዘና፣ «ጠይቀሽኝ ነበር» አለኝ። «እኔም አልመለስኩልሽም። ግን ስትጠይቂኝ ልትሰሚኝ አልነበረም፤ ልትይዢኝ ነበር።»

ከዚያ ቀን በኋላ ብዙ ነገር ተለወጠ። የአባቴን የይለፍ ቃል ከፕሮግራሜ አጥፍቼ ወረቀቱን መለስኩለት። እሱ ግን «ታዲያ ደብዳቤዬን ማን ያነብልኛል?» ብሎ ጠየቀኝ። ተስማማን። በወር አንድ ጊዜ አጠገቤ ይቀመጣል፣ የይለፍ ቃሉን በራሱ ጣት ይጽፋል፣ እኔ እያነበብኩ የማላውቀው ሲመጣ እጠይቃለሁ። ሊነግረኝ ከፈለገ ይነግረኛል። ካልፈለገ ወደሚቀጥለው መስመር እናልፋለን። ሁለት ሦስት መስመር ዛሬም ስም የላቸውም። እማማ ጥሩነሽ ፊደል አስተማሩኝ፤ ይህ ጽሑፍ የእሳቸው ድካም ውጤት ነው።

አንባቢዬ፣ ፕሮግራም መጻፍ መጥፎ ነው እያልኩህ አይደለም። ዛሬም ሥራዬ ነው፤ የራሴን ገንዘብ ዛሬም በእሱ ነው የምይዘው። ያለዚያ ሠንጠረዥም መድኃኒት ቤቱን አላገኘውም ነበር። ነገር ግን የወላጆቻችሁ ደብዳቤ፣ ስልክና የባንክ ወረቀት በእጃችሁ ያለ ልጆች ብዙ ናችሁ፤ ቋንቋውን ስለምናውቅ ነው በእጃችን የገባው። እነሱ አምነው የሰጡን እንድናነብላቸው ነው። እኔ ማንበቤን እንደ ሥልጣን ቆጠርኩት፤ አባቴንም በአንድ ጠዋት ላጣው ነበር። እናንተ ገና ጊዜ አላችሁ።

ባለፈው ወር፣ በሃያ ሰባት፣ አባቴ ሥራ ቦታ ደወለልኝ። ነገ ዮሲ ረሆቦት ይወስደኛል ሊለኝ መስሎኝ ነበር።

«ስንዱ፣ ነገ በአውቶቡስ ብቻዬን ነው የምሄደው። ቁርሴን በልቼ ስወጣ እደውልልሻለሁ» አለኝ።

ምንም አልጠየቅሁትም ነበር። በማግስቱ ጠዋት፣ በዚህ አገር ስምንት ሰዓት ሲሆን ስልኬ ጮኸ።